የድመት ደረቅ ምግብ ስትገዙ ከረጢቱን አዙሩት

[ምስል፦ የሱፐርማርኬት መደርደሪያ፤ አንድ እጅ ከረጢቱን ከፊት ወደ ኋላ ያዞራል]

ሐዋሳ ውስጥ የድመት ምግብ ፍለጋ ስትወጡ ሁለት ዓይነት ዕቃ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። አንዱ ፋብሪካው እንዳሸገው ያለ ከረጢት ነው። ሌላው ከትልቅ ከረጢት ተቀንሶ፣ በኪሎ ተመዝኖ ፌስታል ውስጥ የገባ። የፌስታሉን ተዉት። መቼ ተመረተ? ስንት ፕሮቲን አለው? ለድመት ነው ለውሻ? ምንም አልተጻፈበትም፤ ፍሬዎቹን ዓይቶ መለየት ደግሞ ከባድ ነው።

የውሻ ምግብ ቢሆን ምን ይጎዳል ለምትሉ፦ ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን በራሷ አካል መሥራት አትችልም፤ ከምትበላው ማግኘት አለባት። ውሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ስለሚሠራው ምግቡ ላይ ላይጨመር ይችላል። ለወራት የውሻ ምግብ የበላች ድመት ከውጭ ስትታይ ደህና ልትመስል ትችላለች። ውስጥ ውስጡን ግን የዓይኗ ብርሃን ተቀባይ ክፍል ሊጎዳ፣ የልቧ ጡንቻም ሊደክም ይችላል። የልብ ሕመሙ ከታውሪን እጥረት ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ልቡ ቶሎ ከተደረሰበት ሊያገግም ይችላል፤ የጠፋ የዓይን ብርሃን ግን አይመለስም።

[ምስል፦ የከረጢቱ ጀርባ በቅርበት፤ ጣት ቁጥሮቹ ላይ]

አሁን ጀርባውን እናንብብ። መጀመሪያ «ኮምፕሊት» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ድመቷ እሱን ብቻ በልታ መኖር ትችላለች ማለት ነው። «ኮምፕሌመንታሪ» ካለ መክሰስ ነው፣ ለዕለት ምግብ አይሆንም። ቀጥሎ ዕድሜ፦ «ኪትን» እስከ 12 ወር ላሉ ግልገሎች፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ ድመት፤ «አዳልት» ከዚያ በላይ ላሉት።

ከዚያ ስሌቱ። ፕሮቲን 32፣ ስብ 12፣ ፋይበር 3፣ አመድ (ማዕድናቱ ማለት ነው) 7.5፣ እርጥበት 8 በመቶ ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሲደመር 62.5 ይሆናል። ከ100 ስትቀንሱት የሚተርፈው 37.5 ስታርችና ስኳር ነው፤ ይህን ቁጥር ከረጢቱ ላይ ብዙ ጊዜ አታገኙትም። አመዱ ካልተጻፈ 8 ብላችሁ አስሉ። ሁለት ከረጢት ለማወዳደር ደግሞ እርጥበቱን አውጡት፦ 32 ለ92 ሲካፈል 35 በመቶ ገደማ ይመጣል። በአሜሪካው የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በአፍኮ (AAFCO) መስፈርት ዝቅተኛው የፕሮቲን መጠን፣ እርጥበቱ ወጥቶ፣ ለአዋቂ ድመት 26፣ ለግልገል 30 በመቶ ነው። 26 ወለሉ ስለሆነ በጀታችሁ ከፈቀደ ወደ 35 የተጠጋውን ውሰዱ።

የግብዓት ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፤ እዚህ ጋ ግን ዘዴ አለ። መጀመሪያ ላይ «ትኩስ ዶሮ» ቢል ሲመዘን ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛም ሦስተኛም ላይ «የደረቀ የዶሮ ሥጋ ዱቄት» ብታዩ ጥሩ ነው። በቆሎውን «የበቆሎ ዱቄት»፣ «የበቆሎ ግሉተን» እያለ ከፋፍሎ የጻፈውንም አንድ ላይ ደምሩት፤ ድምሩ ሥጋውን ሊበልጥ ይችላል።

የፊት ለፊቱ ጽሑፍ ብዙም አያስተማምንም። በአውሮፓ አሠራር «ከዶሮ ጋር» ለማለት 4 በመቶ ዶሮ ይበቃል። «ግሬይን ፍሪ» ሲባልም እህሉ ወጥቶ አተር ወይም ድንች ይተካል፤ ስታርቹ ያው ነው፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ቀይና አረንጓዴ ፍሬዎቹስ? እነሱ ለገዢው ዓይን የተሠሩ ናቸው።

[ምስል፦ ሚዛን ላይ 60 ግራም ፍሬ]

መጠኑ፦ በቤት ውስጥ የምትኖር 4 ኪሎ ድመት በቀን ከ55 እስከ 70 ግራም ይበቃታል፤ የተኮላሸች ከሆነች ወደ 55ቱ ጠጋ በሉ። አንድ ጊዜ በሚዛን መዝኑና ስኒው ላይ ምልክት አድርጉበት። በግምት መስጠት ድመትን ያወፍራል።

ይህ ቁጥር የምትገዙትን ከረጢትም ይወስናል። በቀን 60 ግራም ከሄደ 1.5 ኪሎ 25 ቀን ይቆያል፤ 10 ኪሎው ከአምስት ወር በላይ። ፍሬዎቹ ላይ ከውጭ ስብ ስለሚረጭ ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ሙቀትና አየር ያበላሹታል። በሐዋሳ ሙቀት ከስድስት ሳምንት በላይ አታቆዩት፤ ትልቁ በኪሎ ቢረክስም መጨረሻው የቆየ ዘይት ይሸታል፣ ድመቷም አሽትታው ትሄዳለች። ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡት። ከነከረጢቱ አጥፋችሁ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት። ስትገዙም ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ የቆመውን ትታችሁ ከውስጥ አስወጡ፤ ኤክስፓየር የሚያደርግበትን ቀንም እዩ።

«አሞራ ገደል (የሐዋሳው ዓሣ ገበያ) ዓሣ እያለልን?» የሚል አይጠፋም። አጥንቱ የወጣ ዓሣ ብቻውን ካልሲየም ያንሰዋል፤ አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን ያፈርሳል። ተቀቅሎ፣ እሾኹ ተለቅሞ፣ በጥቂቱ መጨመር ይቻላል። ወጥ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ።

አዲሱን ምግብ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ ተቅማጥ ያመጣል። ለሁለት ቀን ሩብ አዲስ፣ ለሁለት ቀን ግማሽ፣ ለሁለት ቀን ሦስት አራተኛ፣ ከዚያ ሙሉ። ጨርሶ እምቢ ካለች በረሃብ አታስገድዷት፤ ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉበቷ ሊታመም ይችላል።

ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፊ ሳህን ውሃ ከምግቡ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በየቀኑም ቀይሩት። ወንድ ድመት ለመሽናት ደጋግሞ እየተቀመጠ ጠብታ ብቻ ከወጣው፣ ወይም ጭራሹን ካልወጣው፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ምግብ ልቀይርለት ሳትሉ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።