የታችኛው በላይ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ለወላጆች ቀን ስለ ስም እንድናገር ስትጠይቁኝ ብዙ አላሰብኩም። የራሴን ይዤ መጣሁ። በላይ እባላለሁ። ብቸና ላይ ቆሞ ይህን ስም መጥራት ትንሽ ያስፈራል። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኔ ስማር በክፍላችን ሁለት በላይ ነበርን። አንዱ ከላይ ሰፈር፣ እኔ ከታች ሰፈር። መምህራችን «የላይኛው በላይ»፣ «የታችኛው በላይ» እያሉ ይጠሩን ነበር። የታችኛው በላይ! እስቲ ይሄ ስም ነው? እናቴ ብትሰማ አትምራቸውም ነበር።

የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ደግሞ ይብስብኝ ነበር። 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ የዳነው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሲነገር፣ ልጆቹ ሁሉ ዞር ብለው እኔን ያያሉ። የሱ ከመብላት ነው፣ የኔ ከላይ ነው። ግን ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ ማን ያስረዳል?

ስማችን ያልተጨረሰ ነገር ነው። ከማን በላይ? ከምን በላይ? አይናገርም። በላይነህ፣ በላይነሽ፣ በላይሁን የሚሉት ጨርሰው ተናግረዋል። በላይ ግን ለሰሚው ይተወዋል። ቄሱ በ40 ቀኔ ያወጡልኝ የክርስትና ስም ሌላ ነው። ይህኛው የእናቴ ምኞት ነው።

እንግዲህ ወደ በላይ ዘለቀ ልምጣ። ጣሊያን አገራችን ላይ በቆየባቸው አምስት ዓመታት በዚሁ በጎጃም መውጫ መግቢያ ያሳጣው አርበኛ ነው። የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር። ከሽማግሌ የሰማችሁትን ሁሉ አልደግምም፤ አንዷን ብቻ። ተከታዮቹን አንተ ራስ፣ አንተ ደጃዝማች እያለ ይሾም ነበር ይባላል። «አንተስ ማን ትባል?» ቢሉት፣ እናቴ በላይ ብላኛለች፣ እሱ ይበቃኛል አለ ይላሉ። እኔ በበኩሌ ከውጊያው ሁሉ ይህቺን እወዳታለሁ። ሹመት ሁሉ ጣሪያ አለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ግን ጣሪያ የለውም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ደጃዝማች አለው። ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፣ ታሰረ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ጣሊያን አምስት ዓመት ፈልጎ ያጣው አንገት በገዛ አገሩ ገመድ ገባ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ጉሮሮዬ ይያዛል። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ አዲስ አበባም መንገድ አለው።

ከጎጃም ልውጣና አንድ ዘመድ ስም ላንሳ። ሯጩ በላይነህ ዴንሳሞ በ1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገባ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ስንት ጊዜ ቆየ መሰላችሁ? ከ10 ዓመት በላይ! ቃሉን ሆን ብዬ አይደለም ያመጣሁት፤ ራሱ መጣ።

ያ የላይኛው በላይ ልጁን ሊያይ መጥቶ እዚያ ኋላ ተቀምጧል። አትዙሩበት፣ ያፍራል። ዛሬ መድረክ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንጋጦ የሚያየኝ ደግሞ እሱ። መምህራችንን ያገኘ ሰው ይንገርልኝ።

አመሰግናለሁ።