ስምንት ከአራት ይበልጣል፤ አንድ ስምንተኛስ?

ሰላም ልጆች! ሰላም ወላጆች! ዛሬ ክፍልፋይን ወረቀት እያጠፍን ነው የምንማረው። ወላጆችም ያዙ፤ ቁጭ ብሎ ማየት የለም!

24 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቀጭን ወረቀት ቁረጡ። ለምን 24? ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6ና ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላላ! በጣም የምወደው ቁጥር ነው።

በሉ መሃል ለመሃል እጠፉት። ጠርዝ ለጠርዝ በደንብ ይግጠም። እጥፋቱን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። አሁን ዘርጉት። ስንት ቦታ ተከፈለ? ሁለት። አንዱ ግማሽ ነው፤ 12 ሴንቲሜትር። መልሳችሁ እጠፉና አንዴ ድገሙት። አራት ቦታ! አንዱ ሩብ ነው፤ 6 ሴንቲሜትር። አሁንም አንዴ እጠፉት። ወፈር አለ አይደል? ዘርጉት። ስምንት ቦታ! አንዱ ስንት ሆነ? 3 ሴንቲሜትር ብቻ።

አያችሁ? ክፍሎቹ በዙ፣ አነሱ። በዙ፣ አነሱ። እስቲ አብራችሁኝ በሉ፦ በዙ፣ አነሱ!

ስለዚህ ላዕሉ፣ ማለትም ከላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ አንድ ከሆነ ታህቱን፣ ከታች የሚጻፈውን ቁጥር፣ ብቻ እዩ። ታህቱ ትልቅ የሆነው ክፍልፋይ ያንሳል። አንድ አምስተኛና አንድ ሰባተኛ? አንድ አምስተኛ ይበልጣል። አንድ ዘጠነኛና አንድ አሥረኛ? አንድ ዘጠነኛ። አለቀ። በነገራችን ላይ የጥንት ግብፃውያን ሦስት አራተኛን የሚጽፉት “ግማሽና ሩብ” ብለው ነበር። ደስ አይልም?

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ ክፍልፋይ መደመር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። “ስምንት ከአራት ይበልጣል፤ ታዲያ አንድ ስምንተኛ እንዴት ያንሳል?” ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ስምንት ከአራት ይበልጣል፤ ልክ ናችሁ! እንዲህ ያለን ልጅ “ተሳስተሃል” ብሎ ማለፍ አልወድም። ቁጥሩን አውቆታል። የቀረው ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ነው። ስምንቱ የሚነግረን ወረቀቱ ስንት ቦታ እንደተከፈለ ነው። የደረሰን ግን አንዱ ቁራጭ ነው። ወላጆች፣ ሕጉን ከማስሸምደዳችሁ በፊት ወረቀቱን ስጧቸው። እባካችሁ!

አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ “የእኔ አንድ ስምንተኛ ከእህቴ ሩብ ይበልጣል” አለኝ። እውነቱን ነው! እሱ የከፈለው 80 ሴንቲሜትር ሪባን ነበር፤ አንድ ስምንተኛው 10 ሴንቲሜትር። እህቱ የከፈለችው የእኛን ወረቀት፤ ሩቡ 6። ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ስናወዳድር መጀመሪያ የምንከፍለው ነገር እኩል መሆን አለበት። አለዚያ ያወዳደርነው ሪባንና ወረቀት ነው እንጂ ክፍልፋይ አይደለም።

የዛሬው የቤት ሥራ ሲሶ ነው። ለሦስት ማጠፍ ስለሚያስቸግር በማስመሪያ ለኩና 8 ሴንቲሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ሲሶ በግማሽና በሩብ መካከል ነው ያለው። ግን ልክ መሃላቸው ላይ ነው? ወይስ ወደ አንዱ ይጠጋል? ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው እንደሚቀርበው ጻፉልኝ።