ጓሮዋን ተዉልን

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊያችን፣ ገንዘብ ያዣችን፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኋላ ቆማችሁ የምትሰሙ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ? አስቀድሳችሁ እህል ሳትቀምሱ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አላንዛዛም።

ይህን ወረቀት የጻፈችልኝ የልጅ ልጄ ናት። ቃሉ ግን የኔ ነው። እሷማ «ማኅበራዊ ፋይዳ» የምትል ነገር ልትሰነቅርብኝ ነበር፤ አስወጣኋት። እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት ጓሮ ልናገር ነው።

ኮሚቴው የእድሩን ግቢ እስከ ኋላ አጥሩ ድረስ ሱቅ ሠርቶ ሊያከራይ ማሰቡን ባለፈው ስብሰባ ሰምተናል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ኑሮው ንሮ ለሐዘንተኛ የምንሰጠው ገንዘብ ለንፍሮ እንኳ አልበቃ ብሏል። ፊት ለፊት፣ መንገዱን ይዞ ሱቁ ይሠራ፤ እጄን አወጣለሁ። ከኋላ ያለችው፣ ጥዱ የቆመባት ግን ትቅር። ለምን እንደምል ከቤቴ ጀምሬ ላስረዳ።

በ1965 ዓ.ም. የ16 ዓመት ሙሽራ ሆኜ ከመንዝ ደብረ ብርሃን ስመጣ ይዤ የመጣሁት ከበግ ፀጉር የተሠራ አንድ ባና እና አንድ እንዝርት ነበር። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በስም ይተዋወቃል፤ ወደ ደሴ የሚያልፍ አውቶቡስ ሲቆም ልጆች ቆሎ ይዘው ይሯሯጣሉ። በ1999 ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፈተ፣ ኮንዶሚኒየሙም ተደረደረ። ልጄ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ ልብስ ትሰፋለች። እኔን እግሬ ደክሟል ብላ ከጎጆዬ አውጥታ ወደ ራሷ ወሰደችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ!

አላማርርም። ጠዋት ለልጆቹ በሶ እበጠብጣለሁ፣ ትምህርት ቤት መሄጃቸው ሲደርስ አንዱን በጫማው፣ አንዷን በፀጉሯ እየተጨቃጨቅሁ እሸኛለሁ። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዤ እወርድና ፀሐይ እሞቃለሁ። በኅዳር ውርጭ አጥንቱ የሚቀዘቅዝ ሰው ፀሐይ ምን እንደሆነች ያውቃል። እንዝርቴ አሁንም በእጄ ናት። ቡናዬን ግን ብቻዬን መጠጣት አልቻልኩበትም፤ ጎረቤቶቼ በር ዘግተው ነው የሚውሉት። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቤቱ ሲሠራ የሚዘጋ ሆኖ ነው የተሠራው።

ዓመት በዓል ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ለፋሲካ ጠላ ጠነሰስኩ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጥንስስ እንደ ቆላው ቶሎ አይነሳም። ቦታ አጥቼ ጋኗን መታጠቢያ ቤት አስቀመጥኳት፣ ያችን የመንዝ ባናዬንም አለበስኳት። የ6 ዓመቱ የልጅ ልጄ ሊሽና ገብቶ ሮጦ ወጣ። «እማማ፣ ጋኗን ብርድ መታት እንዴ?» «አዎ ልጄ፣ ዝም በላት፣ ትተኛ» አልኩት። እስከ በዓሉ ድረስ ቤተሰቡ ሁሉ ጋኗን እየተራመደ ታጠበ። ጌሾው ሲሸት ከታች ያለው ጎረቤት «ቧንቧ ፈነዳ ወይ?» ብሎ አንኳኳ። በበዓሉ ቀን ግን ከሁሉ በፊት ብርጭቆ የዘረጋው እሱ ነው።

የባለፈውን ገና ደግሞ ታስታውሳላችሁ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን ወርዶ አዩበት ተብሎ ስም የወጣለት ከተማ ውስጥ፣ በገና ዋዜማ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ድርግም አለ! ሦስተኛዋ እንጀራ ምጣዱ ላይ እንደ ጨረቃ ግማሿ በስላ ግማሿ ጥሬ ቀረች። ከየደረጃው ሴቱ ባትሪ እያበራ ወጣ፤ ሁላችንም ሊጥ አቡክተናል፣ ሁላችንም የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው ያለን። «ጓሮው አለ አይደለም?» ያለች ማን እንደነበረች አላየሁም። ሊጡን በባልዲ ተሸክመን እዚህ መጣን። ከጥዱ ሥር ሦስት ጉልቻ ተጎለተ፣ ኩበት ተነባበረ። ለበዓል አገሯ መሄድ ያልቻለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የስልኳን መብራት ይዛልን ቆመች፤ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት እንኳ አልሄደችም። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ጋገርን። ያን ሌሊት ነው አብረውኝ በአንድ ደረጃ ሦስት ዓመት የኖሩትን ሴቶች ስም ያወቅሁት።

የፋሲካውን ቅርጫ ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልመለስ። በኮንዶሚኒየም በሬ የት ይታረዳል? መኪና ማቆሚያ ላይ ደም አይፈስም አሉ፤ ልክ ናቸው። ስለዚህ አሥራ ሁለት አባወራ በሬያችንን እዚሁ ጓሮ አረድን። ሥጋው በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ተመደበ፤ ከሻኛው ትንሽ፣ ከጉበቱ ትንሽ፣ ከጨጓራው ትንሽ፣ አንዱ መደብ ከሌላው እንዳይበልጥ ሦስት ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እያየ። ለእጣ እኔ ከነጠላዬ ክር መዘዝኩ፣ ሹፌሩ ቁልፉን፣ መምህሩ የእስክሪብቶ ክዳን ሰጠ። የልጅ ልጄ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆየና ተጠርቶ እጣውን እየዞረ ጣለ። የኔን ክር የጣለባት መደብ ሻኛዋ ወፍራም ነበረችና «አያቱን ያውቃታል!» ብለው ሳቁብን። እኔ እስከ ዛሬ አላየም ነው የምለው። ተፈናቅላ የመጣችው ጎረቤታችን ገንዘብ አላዋጣችም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሳይጠየቁ ከየመደቡ እያነሱ አሥራ ሦስተኛ አወጡላት። እጣ አልተጣለባትም፤ በእጇ ሰጧት።

«እድር ለሐዘን እንጂ ለድግስ አይደለም» የምትሉ አላችሁ፤ ባለፈውም ሰምቻለሁ። ታዲያ ድንኳናችንና ብረት ድስታችን ለሠርግ የሚሄደው በማን ፈቃድ ነው? ለሐዘኑም ቢሆን ልጠይቃችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ አባታችንን ቀብረን ስንመለስ ይህች ጓሮ በድንጋይና በአሸዋ ተሞልታ ነበር። ድንኳኑን ሰፈራችን መኪና ማቆሚያ ላይ ተከልነው። አንድ መኪና በገባ ቁጥር ለቀስተኛው አግዳሚውን ይዞ ይነሣል፣ መኪናው ሲያልፍ ይቀመጣል። ሟቹ በሕይወት ቢኖሩ በዚያ ይስቁ ነበር፤ ልጆቻቸው ግን አልሳቁም።

ኪራዩ ምን ያህል እንደሚቀንስ ገንዘብ ያዣችን ያሰላልናል። ቢቀንስ ወርኃዊ መዋጮው ላይ ትንሽ ይጨመር፤ ጡረታዬ ቢያንስም እኔ እከፍላለሁ። ሌላ የምለምነው የለኝም፤ ግንብ አልልም፣ ጣሪያ አልልም። ለጉልቻ ቦታ፣ ለበሬው መታሰሪያ፣ በጠዋት ፀሐይ በኩል አንድ አግዳሚ ወንበር። አግዳሚዋ ለኔ ናት፤ አልዋሽም።

ትናንት መጥቼ በእርምጃዬ ለካኋት። ከጥዱ እስከ ኋላ አጥሩ 18 እርምጃ፣ ወርዷ 11። የኔ እርምጃ ደግሞ አጭር ነው፤ ለእናንተ ከዚያም ታንሳለች።

አመሰግናለሁ። ቡናው ከበሩ በስተግራ ተፈልቷል።