ሰፊው ወይስ ረጅሙ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ማይኩ ያው ትራሱ ላይ ነው፤ ለማቆሚያ ያዋጣ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ዛሬም ስለ ዊንድሰርፊንግ ቦርድ ነው፤ ሸራ ተተክሎበት በነፋስ ውሃ ላይ ስለሚሄደው። "ደግሞ ጀመረው" እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን የአክስቴ ልጅ ዕቃውን በኮንቴነር ሊልክ ነው፤ ለአንድ ቦርድ ቦታ አለኝ ብሏል። ለአንድ። "ሰፊው ይሁን ረጅሙ?" ይለኛል። እኔ ዝም።

ሰፊው ያጓጓል። ፎርሙላ የሚባሉት ወርዳቸው 1 ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ ሸራ ይሸከማሉ። ነፋሱ ጠንከር ሲል ውሃ መግፋቱን ትተው ላዩ ላይ ይበራሉ። ካልጠነከረስ? ቁጭ ነው።

ረጅሙ፣ ለምሳሌ ዊንድሰርፈር ኤልቲ፣ 3.66 ሜትር ነው። መሐሉ ላይ ወደ ውሃ የሚወርድ ዳገርቦርድ የሚሉት ስስ ሳንቃ አለው። ነፋሱ እፍ ቢል እንኳ ይሄዳል። ወደ ጎን ሳይወሰድ ወደ ነፋሱ ሰያፍ እየያዘ ይመልስሃል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ያዘግማል።

ጣና ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ሳስቷል። ነፋስ በኖት ነው የሚለካው፤ ያው 10 ኖት ነፋስ እዚህ ሸራውን የሚገፋው ባሕር ላይ እንደ 9 ኖት ነው። ቪዲዮ ላይ "10 ኖት ይበቃሃል" የሚለው ሰውዬ እኛ ጋ መጥቶ ይሞክራት።

የዚያን ቀን ግን... ነግሬያችኋለሁ? አልነገርኳችሁም።

በተዋስኩት ሰፊ ቦርድ ወጥቼ ነበር። ከሰዓት ነው፤ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍስበት ሰዓት። ጥሩ ሄድኩ። ከዚያ ቀጥ አለ። ሸራው ተንጠለጠለ፣ እኔም አብሬው። ከዘጌ በኩል አንድ ታንኳ መጣ፣ ማገዶ የጫነ። ቀዛፊው ትልቅ ሰው ናቸው። አጠገቤ ሲደርሱ መቅዘፊያቸውን አቆሙና "ልጄ፣ ነፋሱ እስኪመጣ እዚሁ ነህ?" አሉኝ።

ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። አልሳቁም። ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁኝ። "አዎ አባቴ" አልኩ። "በል እግዜር ያምጣልህ" ብለው ቀዘፉ። የታንኳው ማዕበል ቦርዴን ትንሽ ነቀነቃት። የዚያን ሰዓት እንቅስቃሴዬ እሱ ብቻ ነበር።

እስካሁን እመልስላቸዋለሁ። ሻወር ውስጥ ሳይቀር። "ይሄ እኮ ከ10 ኖት በላይ ሲሆን..." እላለሁ። ታዲያ ምን ያደርግላቸዋል? ከደንገል የታሰረው ታንኳ ማገዶውን ጭኖ እየሄደ ነው። እኔ ፋይበሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

ፎይል፣ ያንን ከሥሩ የውሃ ውስጥ ክንፍ ያለውን ቦርድ፣ ግዛ የምትሉኝ አላችሁ፤ መልዕክታችሁን አይቻለሁ። ፓሪስ 2024 ኦሊምፒክም ዊንድሰርፊንጉ በፎይል ሆኗል፤ በትንሽ ነፋስ ከውሃ ብድግ ይላል። ግን ከሥሩ 1 ሜትር ገደማ ብረት ይንጠለጠላል። ዳር ዳሩ ጥልቀት የለውም። እምቦጩስ? ያንን ብረት ሲይዘው አስቡት። እምቦጭ ለማንም አያዝንም፤ ለዓሣ አጥማጁ መረብ ያላዘነ ለኔ ፎይል ያዝናል? ይሄን ሳወራ ደሜ ይፈላል፣ ስለዚህ እንለፈው። ለተራ ቦርድ ከሆነ ፊኑ፣ ከሥሩ ከኋላ ያለችው ክንፍ፣ ወደ ኋላ የተጋደመ የሣር ፊን የሚባል አለ፤ ሣሩ ተንሸራቶ ይወጣል። ዳገርቦርዱም ወደ ላይ ይሰበሰባል። እና... ለረጅሙ እየተከራከርኩ ነው አይደል?

ቆይ ግን። ያቺ ጥሩ የሄድኩባት ሰዓትስ? ቦርዱ ድንገት ቅልል ሲል፣ እግሬ ሥር ውሃው ሲንጫጫ፣ ያለ ምክንያት ስጮህ። አባይ መውጫው አካባቢ ያሉ ጉማሬዎች ሳይሰሙኝ አልቀሩም። ያንን በረጅሙ አገኘዋለሁ? ነፋሱ ጠንከር ካለ ረጅሙም ይበራል ይላሉ። ይበር ይሆናል። እንደዚያኛው ግን...

ኪሎዬ 78 ነው፤ ሁለቱም ይሸከሙኛል። እሱ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ... እንጃ። ለልጁ ዛሬ ማታ እመልስልሃለሁ ብዬዋለሁ። "ሰፊው" ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። ከዚያ "ረጅሙ" ብዬ ጻፍኩ፣ እሱም እዚያው አለ፣ አልላክሁትም። ኮንቴነሩ ሰኞ ይዘጋል ብሏል፣ ወይስ ማክሰኞ ነው ያለኝ...