ጣትን ማንሣት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬም ከድሬዳዋ ነኝ። ለቀረጻው ስል ማራገቢያውን ስላጠፋሁት ላብ እያጠመቀኝ ነው የማወራችሁ።

አንድ አድማጭ ልጃቸው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች መሆን እንደሚፈልግ ነግረውኝ፣ «እንጀራ ይሆነዋል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ በማገለግልበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምንለው ኪቦርዱን ነው። በሥራ ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፣ እሑድ እጫወታለሁ። እንጀራዬን የማገኘው ከሒሳቡ ነው።

ሥልጠናው ግን ቀላል አይደለም። በአውሮፓ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ያለው ባለ ቧንቧ ኦርጋን በእጅም በእግርም ነው የሚሠራው፤ ወፍራሙን ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚይዙት እግሮች ናቸው። እኛ የተማርነው በጆሮ ነው፤ በዚህም አላፍርም። ዘማሪዋ ሳትነግርህ በባቲ ቅኝት ትነሣለች፤ ሁለተኛውን ስንኝ ሳትጀምር ከየት እንደተነሣች ማግኘት አለብህ። ኪቦርዱ ላይ የዜማውን መነሻ ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዛውር ቁልፍ አለ፤ እርሱን ተጭኖ ሁልጊዜ በለመዱት ነጫጭ ቁልፎች መጫወት ይቻላል። ተማሪዎቼን ይህን እከለክላቸዋለሁ። ጎረቤታችን ሐረር ጅብ በእጅ እያጎረሰ፣ እኛ ጥቁር ቁልፍ እንፈራለን?

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። የፒያኖ ድምፅ ከተመታ በኋላ እየሳሳ ይጠፋል። የኦርጋን ድምፅ ግን ጣትህ ቁልፉን እስከተጫነ ድረስ በሙሉ ጉልበቱ ይቆያል። ስለዚህ ምእመናን የሚተነፍሱበትን ቦታ የምትሰጣቸው ጣትህን በማንሣት ነው። ጣቱን የማያነሣ ተጫዋች ጉባኤውን ያፍናል።

ታላቁ የጀርመን የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እንኳ በዚህ ሥራ ተገሥጿል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1705፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ በጀርመኗ አርንሽታት ከተማ ኦርጋን ተጫዋች ሳለ የአራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ፣ ቡክስተሁደ የተባለውን አንጋፋ ኦርጋን ተጫዋች ለመስማት ወደ ሊዩቤክ ከተማ በእግሩ ሄደ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከድሬዳዋ እስከ አዳማ በሉት። አራት ወር ገደማ ቆይቶ ሲመለስ አለቆቹ ጠሩት። መቅረቱ ብቻ አልነበረም ጥፋቱ፤ እንግዳ ድምፆች እየቀላቀለ ምእመናኑን ግራ አጋብቷል። በዚያ ላይ ቀድሞ ጨዋታውን ያስረዝም ነበር፣ ሲነገረው ደግሞ ከልክ በላይ አሳጠረው! ይህች የመጨረሻዋ ታስቀኛለች። አኩርፎ ማሳጠርን እኛም እናውቅበታለን።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተጫዋቹ ልክ ይታያል። መዝሙሩ በከበሮና በጭብጨባ ይቀጥላል፤ ሕዝቡም ሳያውቀው ከተነሣበት ድምፅ ይንሸራተታል። መብራቱ ሲመለስ የቸኮለ ተጫዋች ዘሎ ይገባና ሁሉንም ያደናግራል። መዝሙሩ እስኪያልቅ እጅን አጣምሮ መቀመጥ ይሻላል።

እናም አባትየው፣ ልጅዎ ሌላ ሙያም ይማር። ኪቦርድ ለመግዛትም አይቸኩሉ። መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ይዘምር፤ የት እንደሚተነፈስ በራሱ ሳንባ ይወቀው።