የልጆቻችሁን ማጅራት እዩልኝ

ጤና ይስጥልኝ ወላጆች፣ አያቶች፣ አስተማሪዎች።

በቤት ሥራ ልጀምር። ዛሬ ልጃችሁን ስታጥቡ ማጅራቱን እዩት። ብብቱንም። ቆዳው ጠቆርና ወፈር ብሎ፣ ሲዳሰስ እንደ ከፋይ ጨርቅ የሚል ከሆነ ነገሩን በቀላሉ አትለፉት። ብዙ ወላጅ እድፍ ይመስለውና በሳሙና ይፈትገዋል፣ ልጁም «አንገትህን አትታጠብም እንዴ?» እየተባለ ይሰደባል። ቢፈትጉት ግን አይለቅም። እድፍ አይደለማ! ወፈር ያለ ልጅ ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ በደሙ ውስጥ ኢንሱሊን እንደበዛ ይጠቁማል። ስኳር ያዘው ማለት አይደለም፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ኢንሱሊን የሚያመርተው ቆሽት ነው። ሥራውም በደም ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው አካል እንዲገባ ማድረግ ነው። ስብ በሆድና በጉበት ሲከማች ሰውነት ኢንሱሊኑን እሺ ማለት ይተዋል። ቆሽት ታዲያ ጨምሮ ያመርታል፣ ለዓመታትም ሊችለው ይችላል፣ ስኳሩ ሲለካም ደህና ይመስላል፣ በኋላ ግን ይደክመዋል። ጉርምስና ደግሞ በጤነኛ ልጅም ላይ የኢንሱሊንን ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ወፍራም ልጅ ሲጎረምስ ጫና በጫና ላይ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። አይነት 1 የሚባለው ስኳር ሌላ ነው። እሱን የሚያመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ቆሽትን ማጥቃቱ ነው፣ ጣፋጭ መብላት አይደለም። የዚያን ልጅ እናት «ምን አብልተሽው ነው?» የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ።

እኔ የማወራው ስለ አይነት 2 ነው። ድሮ የአዋቂ በሽታ ነበር የሚባለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 8 በመቶ ነበሩ፣ በ2022 ግን 20 በመቶ ደርሰዋል። ከ390 ሚሊዮን በላይ ልጅ ማለት ነው። ስኳሩም ተከትሎ መጣ። ልጅ ላይ ሲመጣ ደግሞ ይከፋል። አሜሪካ ውስጥ በልጅነታቸው አይነት 2 የያዛቸውን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2021 ታትሟል። በሽታው ከተገኘባቸው በ15 ዓመት ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የዓይን፣ የኩላሊት ወይም የነርቭ ጉዳት ገጥሟቸዋል። አማካይ ዕድሜያቸው 26 ነበር። ሃያ ስድስት!

እና ምን እናድርግ? እኔን የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ገበታ ላይ ወፍራሙ ልጅ ውሃ ይቀርብለታል፣ ቀጭኑ ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ ለስላሳ ይጠጣል። ይሄ ቅጣት ነው። ልጁ ተደብቆ መብላት ይለምዳል፣ በራሱ ያፍራል፣ ክብደቱም አይቀንስም። ለስላሳው ከቤት ይጥፋ፣ አባትም ይተው፣ ቀጭኑም ይተው። 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው፣ 9 የሻይ ማንኪያ ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፣ 1,600 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ 40 ግራም መሆኑ ነው፣ ስለዚህ አንድ ጣሳ የቀኑን ጨረሰው በሉት። ጭማቂውንስ? «ፍራፍሬ እኮ ነው» እንዳትሉኝ፣ ስኳሩ እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ፍሬውን ራሱን ይብላ።

ልጅን ማስራብ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። እያደገ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ባለበት ቢቆይና ቁመቱ ቢጨምር ይበቃል። ውፍረቱ በጣም የበዛ ከሆነ ግን ከሐኪም ጋር ተማከሩ። በቀን 60 ደቂቃ ይሩጥ፣ ይጫወት፣ ይዝለል፣ ስፖርት ቤት አያስፈልገውም። እንቅልፍም አትናቁ። ከ5 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ለ9 እስከ 11 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፣ ስልኩም ከመኝታ ክፍሉ ይውጣ።

ክብደቱን በዓይናችሁ አትገምቱ፣ በአዋቂ መለኪያም አትለኩት። የልጅ የሚታየው በዕድሜና በጾታ በተዘጋጀ የእድገት ሰንጠረዥ ነው። ልጁ ከልክ በላይ ከወፈረና እናት፣ አባት ወይም ወንድም እህት ስኳር ካለባቸው፣ ወይ እናቱ እሱን ስታረግዝ ስኳር ከነበረባት፣ ወይ ያ የማጅራት ጥቁረት ካለ፣ 10 ዓመት ሲሞላው ወይም ጉርምስና ሲጀምር ደሙ ይመርመር። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፣ እዚያ ላይ ገና ብዙ መመለስ ይቻላል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ነው።

ውሃ አልጠግብ ካለ፣ ሽንት ካበዛ፣ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ከጀመረ፣ ሳይታሰብ ከከሳ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ማስታወክ ወይም በረጅሙ መተንፈስ ከታከለበት ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እሺ፣ አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።