በመረሬ አፈር ላይ የሚያርፍ የመጋዘን ወለል

የተከበራችሁ መሐንዲሶች፣ ኮንትራክተሮችና ሱፐርቫይዘሮች፣

በቦሌም ሆነ በአቃቂ ቃሊቲ ሰፊ መጋዘን ሲሠራ ብዙ ጊዜ ከሥር የሚገኘው መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ምሰሶዎቹ መሠረታቸውን ይዘው ወደ ጠንካራው አፈር ወይም አለት ስለሚወርዱ ብዙም አያሳስቡም። የሚነሳው ወለሉ ነው፤ ቀላል ስለሆነ እብጠቱን ተጭኖ አይዝም። የለመድነው መረሬውን ቆርጦ አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት ነው። ዛሬ የምናቀርበው ግን እዚያው ማከምን ነው፣ በኖራና ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ የአገዳ አመድ።

አመዱ ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አይሠራም። የመረሬውን ጠባይ የሚለውጠው የኖራው ካልሲየም ነው፤ አመዱ ሲሊካ ያቀብላል፣ ጥንካሬውም በሳምንታትና በወራት ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የኖራው መጠን ይወሰን፦ የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) 12.4 የሚያደርሰው ዝቅተኛ መጠን መነሻችን ነው። ከወንጂም ይጫን ከመተሐራ፣ በላቦራቶሪ ሲቃጠል ከ10 በመቶ በላይ ክብደቱን የሚያጣ አመድ ይመለስ፤ ካርቦን በዝቶበታል።

ለምሳሌ የላቦራቶሪ ፈተናው ከአፈሩ ደረቅ ክብደት 6 በመቶ ኖራና 12 በመቶ አመድ አሳየ እንበል። ተጠቅጥቆ ደረቅ ክብደቱ በሜትር ኩብ 1,300 ኪሎ ለሚሆን አፈር፣ ለ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ በካሬ ሜትር 15.6 ኪሎ ኖራና 31.2 ኪሎ አመድ ይገባል። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ኖራ 1.8 በ1.8 ሜትር ይሸፍናል፤ መሬቱን በገመድ ከፋፍሎ በየክፍሉ አንድ ከረጢት ማፍሰስ ከግምት ያድናል። ሠራተኛው መነጽርና ጓንት ያድርግ፣ ኖራ ዓይን ያጠፋል።

ኖራው ቀድሞ ከአፈሩ ጋር በውሃ ይቀላቀልና አንድ ወይም ሁለት ቀን ይደር። ከዚያ አመዱ ገብቶ እንደገና ይገለባበጥ፣ ለመጠቅጠቅ ተስማሚ ሆኖ በላቦራቶሪ ከተገኘው እርጥበት ትንሽ ከፍ ብሎ በሮለር ይጠቅጠቅ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በጓል ነው። የጓሉ ውጭ ታክሞ ውስጡ መረሬ እንደሆነ ይቀራል። ለማወቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ግድግዳው ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለውን ቀለሙን የሚለውጥ መፈተሻ ፈሳሽ መርጨት ነው፤ ኖራ የደረሰው ደማቅ ሮዝ ይሆናል፣ ያልደረሰው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አፈሩ ሰልፌት የተባለው ጨው ካለበት ደግሞ ኖራ ራሱ አዲስ እብጠት ያመጣልና የሰልፌቱ ፈተና ከኖራ ግዢ በፊት ይሠራ።

የጣራ ውሃ ግድግዳ ሥር ከተጠራቀመ ከታከመው ንጣፍ በታች ያለው መረሬ ማበጡ አይቀርም። ቦዩና በሕንፃው ዙሪያ የሚፈሰው ኮንክሪት ከወለሉ ጋር በአንድ ውል ይግቡ፤ ለኋላ ከተባሉ ክረምት ይቀድማቸዋል።